ሳሙኤል ኢንሱል፤ ኤሌክትሪክን በሰዓት የነገደው ሰው

የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ቀትር ላይ ይትረፈረፋል። ሰው ሁሉ ከሥራ ተመልሶ መብራት በሚያበራበትና እራት በሚያሰናዳበት ሰዓት ደግሞ ባዶ እጁን ይቀራል። ነፋስም ያው ነው፤ ደስ ሲለው ይነፍሳል፣ ሳይነፍስ ቢቀር ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። በዚህ ምክንያት ባለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ አንድ ለየት ያለ ነጋዴ ብቅ ብሏል። ይህ ነጋዴ አንድ ኪሎዋት እንኳ ላያመነጭ ይችላል። ፋብሪካው ማሽኑን ለሁለት ሰዓት እንዲያቆም፣ ባትሪው ቀትር ላይ ሞልቶ ማታ እንዲያወጣ፣ የኤሌክትሪክ መኪናው ሌሊት ቻርጅ እንዲደረግ ያግባባና ከሚድነው ወጪ ድርሻውን ያነሳል። ሥራው ፍላጎትንና አቅርቦትን እንደ ሰዓቱ ማጣጣም ነው። በሙያው ቋንቋ ፍሌክሲቢሊቲ ይሉታል።

ንግዱ አዲስ ይመስላል እንጂ ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የኤሌክትሪክ ዋጋ የሚወሰነው በስንት ኪሎዋት ሰዓት ተሸጠ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ሰዓት ተፈለገ በሚለው መሆኑን ተረድቶ፣ በዚያ መረዳት ላይ ትልቅ ኩባንያ የገነባ ሰው ነበር። ስሙ ሳሙኤል ኢንሱል ይባላል። በአንድ ወቅት በ32 የአሜሪካ ግዛቶች መብራት የሚያቀርቡ ኩባንያዎች አለቃ ነበር። በመጨረሻ ግን ከአገር የሸሸ፣ ተይዞ የተመለሰና ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ሆነ። ዛሬ በዚህ ንግድ ውስጥ ላሉትም፣ ንግዱን ለሚቆጣጠሩትም፣ ገንዘባቸውን ለሚያውሉበትም የኢንሱል ሕይወት ትምህርቱ ብዙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የለንደኑ ጸሐፊ

ኢንሱል የተወለደው በኅዳር ወር 1859 ለንደን ውስጥ ነው። አባቱ ሰዎች መጠጥ እንዲተዉ የሚሰብኩ፣ ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ኑሮ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ልጁ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ የጨረታ ቤት ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ቀን እየተላላከ ማታ ማታ አጭር ጽሕፈት ተማረ። ይህች ሙያ ናት በሩን የከፈተችለት። ከጨረታ ቤቱ በተሰናበተ ጊዜ ጋዜጣ ላይ ያየውን የጸሐፊነት ማስታወቂያ ይዞ ሄደ። ቀጣሪው ኮሎኔል ጆርጅ ጉሮ ነበሩ፤ የታዋቂው ፈልሳፊ የቶማስ ኤዲሰን የለንደን ወኪል። ጊዜው 1879 ነው።

ወጣቱ ኢንሱል የኤዲሰንን ደብዳቤዎችና የሒሳብ ወረቀቶች ከማገላበጥ ብዛት የኩባንያውን ጉዳይ ከባለቤቱ ባልተናነሰ ያውቅ ጀመር። በየካቲት ወር 1881 መጨረሻ ላይ የኤዲሰን የግል ጸሐፊ ሆኖ ኒውዮርክ ሲገባ ገና 21 ዓመቱ ነበር። በደረሰበት ምሽት ኤዲሰን አስቀምጦ ስለ ገንዘብ ያወያየው ጀመር። በአውሮፓ ካሉት የቴሌፎን ጥቅሞች የትኛው ቢሸጥ ለአዲሱ የመብራት ሥራ ገንዘብ ይገኛል የሚለውን ሲያሰሉ ነጋ ይባላል። ኤዲሰን በሐሳብ የተካነ፣ በሒሳብ አያያዝ ግን ግድ የለሽ ሰው ነበር። ደብዳቤውን የሚከፍተውም፣ ዕዳውን የሚያስታምመውም፣ ገንዘቡን የሚይዘውም ኢንሱል ሆነ።

በመስከረም ወር 1882 የኤዲሰን የፐርል ጎዳና ማመንጫ ለታችኛው ማንሃተን መብራት መስጠት ሲጀምር ኢንሱል እዚያው ነበር። በ1886 ደግሞ ሽኔክታዲ ወደምትባለው ከተማ ተልኮ የኤዲሰንን የማሽን ፋብሪካ ያስተዳድር ጀመር። ጥቂት መቶ ሠራተኞች የነበሩት ፋብሪካ በእሱ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ያቀፈ ሆነ። በ1892 የኤዲሰን ኩባንያ ከተወዳዳሪው ጋር ተዋህዶ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲመሠረት ለኢንሱል ከፍ ያለ የሥራ አስኪያጅነት ቦታ ቀረበለት። ደመወዙ በዓመት 36 ሺሕ ዶላር ነበር።

እሱ ግን እምቢ ብሎ በሦስት እጥፍ ያነሰ ደመወዝ ቺካጎ ሄደ። በ12 ሺሕ ዶላር ቺካጎ ኤዲሰን የምትባል ትንሽ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከቺካጎው ባለጸጋ ነጋዴ ከማርሻል ፊልድ 250 ሺሕ ዶላር ተበድሮም የዚያችኑ ኩባንያ አክሲዮን ገዛ። በዚያን ጊዜ ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ በነበራት ቺካጎ የኤሌክትሪክ መብራት የነበራቸው ደንበኞች 5 ሺሕ ያህል ብቻ ነበሩ። ኤሌክትሪክ የሀብታም ጌጥ ነበር። የከተማው አብዛኛው ሕዝብ በጋዝና በላምባ ያመሽ ነበር።

ድንኳኑና ድስቱ

ኢንሱል ቺካጎ ሲገባ ያገኘው ችግር እንዲህ ያለ ነው። ኤሌክትሪክ እንደ እህል ጎተራ የሚገባ ነገር አይደለም፤ በተመረተበት ቅጽበት መበላት አለበት። ስለዚህ ኩባንያው ማሽን የሚገዛው በዓመቱ ውስጥ ከፍተኛው ፍላጎት በሚመጣበት ሰዓት መጠን ነው። በቺካጎ ያ ሰዓት በታኅሣሥ ወር፣ ቀኑ አጥሮ ሳለ፣ ቢሮውም ሱቁም ሳይዘጋ የሚጨልምበት ምሽት ነበር። ለዚያች ሰዓት የተገዛው ማሽን ቀሪውን ጊዜ ቆሞ ይውላል፤ የተገዛበት ብድር ወለድ ግን አይቆምም። ሌት ተቀን፣ በጋ ክረምት ይቆጥራል።

ለእኛ አንባቢ ነገሩን በእድር ማስረዳት ይቀላል። አንድ አባወራ ሐዘን ሊመጣ ይችላል ብሎ ለራሱ ብቻ ድንኳን ቢተክል፣ መቶ ሰው የሚያስተናግድ ድስትና ወንበር ቢገዛ ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። የሰፈሩ ሰው ግን ሐዘን በሁሉም ቤት በአንድ ቀን እንደማይገባ ያውቃል። ስለዚህ ሁለት መቶ ቤት ተሰብስቦ ሁለት ድንኳን ይገዛል። ድንኳኑ ከቤት ቤት እየዞረ ይሠራል፤ የእያንዳንዱም መዋጮ ትንሽ ይሆናል። ኢንሱል ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በኪሎዋት ማድረጉ ብቻ ነው። መሐንዲሶች አማካዩ ፍላጎት ከከፍተኛው ፍላጎት ስንት እጁ ነው የሚለውን መለኪያ ሎድ ፋክተር ይሉታል። ኢንሱል ዕድሜ ልኩን ሲያሳድድ የኖረው ይህን ቁጥር ነው።

ከብራይተን የመጣው ቆጣሪ

በ1894 ክረምት ኢንሱል ወደ እንግሊዝ ለዕረፍት ተሻግሮ ሳለ ብራይተን በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ያየው ነገር አስገረመው። ሱቆቹ ሁሉ፣ ትናንሾቹ ሳይቀሩ፣ በኤሌክትሪክ ደምቀው ያመሻሉ። እንዴት ቻሉ ብሎ ቢያጠያይቅ የከተማዋን ኤሌክትሪክ የሚያስተዳድረው አርተር ራይት የሚባል መሐንዲስ መሆኑን ሰማ። ራይት የፈለሰፈው ቆጣሪ ደንበኛው በጠቅላላ ስንት እንደተጠቀመ ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ያበራው ከፍተኛው መጠን ስንት እንደሆነ ጭምር ይመዘግባል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሁለት ደንበኞች በወር እኩል ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀሙ እንበል። አንደኛው ሃያ አምፖል በአንድ ጊዜ አብርቶ በአንድ ሰዓት ያጠፋል። ሁለተኛው ሁለት አምፖል አብርቶ አሥር ሰዓት ያመሻል። በተራው ቆጣሪ ሁለቱ እኩል ይከፍላሉ። ለኩባንያው ግን የመጀመሪያው ሰው የአሥር እጥፍ ማሽን ያስገዛዋል። የራይት ቆጣሪ ይህን ገለጠ። በዚህ መሠረት ደንበኛው ለያዘው ማሽን አንድ ሒሳብ ይከፍላል፣ ከዚያ በላይ ለሚጠቀመው ደግሞ ዝቅ ያለ ዋጋ ይከፍላል። ሰዓቱን ላስረዘመ ሰው ዋጋው እየረከሰ ይሄዳል ማለት ነው።

ኢንሱል ይህን ታሪፍ ቺካጎ አስገባው። በ1892 አንድ ኪሎዋት ሰዓት 20 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው በ1897 ወደ 10 ሳንቲም ወረደ፤ በ1909 ደግሞ 2.5 ሳንቲም ደረሰ። ሌሎቹ የኤሌክትሪክ ነጋዴዎች ከጥቂት ሀብታም ብዙ መቀበል ያዋጣል ሲሉ፣ እሱ ከብዙ ሰው ጥቂት መቀበልን መረጠ። በየመንደሩ የነበሩትን ተፎካካሪ ኩባንያዎችም አንድ በአንድ ገዛቸው። በ1907 ሁለቱን ዋና ኩባንያዎች አዋህዶ ኮመንዌልዝ ኤዲሰንን መሠረተ። ይህ ኩባንያ ዛሬም ኮምኤድ በሚል አጭር ስሙ ለቺካጎ መብራት ያቀርባል።

በሌላው ሰዓት የሚራብ ደንበኛ

ታሪፉ የሥራው ግማሽ ነበር። ግማሹ ደግሞ ደንበኛ መምረጥ ነው። ኢንሱል ደንበኛን የሚመዝነው በሚገዛው ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መቼ ይፈልጋል የሚለውንም ያይ ነበር። ፋብሪካ ቀን ቀን ይፈልጋል፤ መልካም። የከተማው የባቡርና የትራም ኩባንያዎች ጠዋትና አመሻሽ ላይ ይበላሉ፤ የየራሳቸው ማመንጫም ነበራቸው። ኢንሱል እነሱ ራሳቸው ሊያመርቱ ከሚችሉበት ባነሰ ዋጋ እሸጥላችኋለሁ እያለ ማመንጫቸውን አስዘጋቸው። በታኅሣሥ ምሽት የትራሙና የመብራቱ ፍላጎት መግጠሙ አልቀረም። ሆኖም ትራሙ በቀሪው ቀን ማሽኑን ሥራ ስለሚያስይዘው ሒሳቡ ያዋጣ ነበር።

በጣም የሚወዳቸው ደንበኞች ግን የበረዶ ፋብሪካዎች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያን ዘመን ማቀዝቀዣ በየቤቱ ስላልነበረ ከተማው በረዶ በብዛት ይገዛል። ፋብሪካው ኤሌክትሪክ አጥብቆ የሚፈልገው በሙቀቱ ወራት፣ የመብራት ፍላጎት ዝቅ በሚልበት ጊዜ ነው። በታኅሣሥ ምሽት ማሽኑን ቢያሳርፍ የሚጎዳው ነገር የለም። የተሠራ በረዶም ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪክ ራሱ ባይከማችም በበረዶ መልክ ተከማቸ ማለት ነው። ዛሬ ትልልቅ የማቀዝቀዣ መጋዘኖች ኮምፕረሰራቸውን ለጥቂት ሰዓት አጥፍተው ክፍያ የሚቀበሉበት ንግድ ሥሩ እዚህ ጋ ነው።

ለቤት እመቤቶች ደግሞ የኤሌክትሪክ ካውያ በነፃ እንዲሞክሩ ታደለ። ካውያ የሚተኮሰው ቀን ነውና፤ ማታ ብቻ ይነድ የነበረው የቤት መስመር ቀንም ሥራ አገኘ።

ኢንሱል ይህን ሁሉ በቁጥር ያስረዳ ነበር። በሰፊው የታወቀው ምሳሌው የአንድ የቺካጎ የአፓርታማ ሰፈር ነው። በዚያ ሰፈር 193 አፓርታማዎች ነበሩ። የእያንዳንዳቸው ከፍተኛ ፍላጎት ለየብቻ ሲደመር ከ68 ኪሎዋት በላይ ይሆናል። ሁሉንም በአንድ ላይ በሚመግበው መስመር የተለካው ከፍተኛ ፍላጎት ግን 20 ኪሎዋት ብቻ ነበር። አንዱ ሲያበራ ሌላው ያጠፋል፤ አንዱ ሲያመሽ ሌላው ይተኛል። በ68 ፈንታ በ20 ኪሎዋት ማሽን ሰፈሩ ጨለማ አያይም። ትርፉ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ተርባይኑና ገጠሩ

ብዙ ደንበኛ ከተገኘ ትልቅ ማሽን ያስፈልጋል። በእንፋሎት የሚገፉት የድሮ ሞተሮች ከመጠን በላይ ገዝፈው፣ መሬቱን የሚያንቀጠቅጡ ሆነው ነበር። ኢንሱል ጄኔራል ኤሌክትሪክ ማንም ሞክሮት የማያውቅ የ5 ሺሕ ኪሎዋት ተርባይን እንዲሠራለት ወተወተ። የኩባንያው አለቃ ቻርልስ ኮፊን ፈራ። በመጨረሻ አደጋውን ተካፈሉት፤ ማሽኑ ሳይሠራ ቢቀር የማምረቻውን ኪሳራ ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ የመትከያውን ኢንሱል እንዲሸከሙ ተስማሙ። በ1903 ፊስክ ጎዳና በተባለው ጣቢያ ማሽኑ ሲነሳ ዋና መሐንዲሱ ፍሬድ ሳርጀንት ሊፈነዳ ይችላል ብሎ ኢንሱልን ከክፍሉ እንዲወጣ ለመነው። ኢንሱል ግን አንተ የምትቆም ከሆነ እኔም እቆማለሁ፣ ይህ ከፈነዳ ኩባንያውም እኔም አብረን ነን ብሎ እንቢ አለ ይባላል። ማሽኑ አልፈነዳም። ከዚያ በኋላ በዓለም ዙሪያ የማመንጫዎች መልክ ተለወጠ።

በ1910 አካባቢ ደግሞ ከቺካጎ በስተሰሜን ያለውን የሌክ አውራጃ መሞከሪያ አደረገው። በዚያ ካሉት 22 ትናንሽ ከተሞች ኤሌክትሪክ የነበራቸው 10 ብቻ ነበሩ፤ እሱም በየፊናቸው በቆሙ ትናንሽ ማሽኖች ነው። ኢንሱል በአንድ መስመር አያያዛቸው። የአንዱ መንደር የጭንቅ ሰዓት ከሌላው ስለሚለይ ትናንሾቹን ማሽኖች ዘግቶ 24 ሰዓት ሙሉ አገልግሎት መስጠት ቻለ፤ የእርሻ ቤቶችም መስመር ገባላቸው። አገሮችን በከፍተኛ ኃይል መስመር ማስተሳሰር ለምን እንደሚያዋጣ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሌክ አውራጃን ሙከራ ማጥናት ይችላል። ኢትዮጵያ ከ2022 ጀምሮ በረጅሙ መስመር ለኬንያ ኤሌክትሪክ መሸጧም ከዚሁ ሐሳብ ጋር የሚዛመድ ነው። የጎረቤት የጭንቅ ሰዓትና የእኛ ሰዓት በተለያየ ቁጥር አንድ ግድብ ለሁለት አገር ይሠራል።

ቁጥጥሩን የጠየቀው ነጋዴ

በ1898 ኢንሱል የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሳለ ባልደረቦቹን ያስደነገጠ ሐሳብ አቀረበ። መንግሥት ዋጋችንን ይቆጣጠር፣ በምትኩ በየአካባቢያችን ብቸኛ አቅራቢ እንሁን አለ። የሚጠላው ነገር መንግሥትን ሳይሆን ውድድርን ነበር ቢባል አይሳሳትም። በአንድ ጎዳና ሁለት ኩባንያ ሁለት መስመር ቢዘረጋ ሁለቱም ግማሽ ቀን ሥራ ፈት ማሽን ይዘው ይቀራሉ፤ ባንክም በርካሽ አያበድራቸውም ባይ ነው። በ1907 የኒውዮርክና የዊስኮንሲን ግዛቶች ተቆጣጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ሐሳቡ ለሕዝብ ይጠቅማል ወይስ ለኢንሱል የሚለው ክርክር ዛሬም አላበቃም። ዋጋው እንደወረደ አይካድም። የተቆጣጣሪውንና የተቆጣጠረውን ዝምድና ግን ኢንሱል ራሱ አበላሽቶታል። በ1926 የኢሊኖይ የንግድ ኮሚሽን ሰብሳቢ የነበሩት ፍራንክ ስሚዝ ለሴኔት ሲወዳደሩ ኢንሱል ከመቶ ሺሕ ዶላር በላይ ረዳቸው። ኮሚሽኑ የኢንሱልን ታሪፍ የሚወስነው አካል ነው። ነገሩ ሲጋለጥ የአሜሪካ ሴኔት ስሚዝን አልቀበልም አለ። የኢንሱል ስም ከዚያ ወዲህ አልጠራም።

የወረቀቱ ግንብ

በ1912 ኢንሱል ሚድል ዌስት ዩቲሊቲስ የተባለ ሆልዲንግ ካምፓኒ አቋቁሞ ነበር። ሆልዲንግ ካምፓኒ ራሱ ኤሌክትሪክ አያመነጭም፤ የሚያመነጩትን ኩባንያዎች አክሲዮን ይይዛል። በመነሻው ጥሩ ምክንያት ነበረው። ትናንሾቹ የገጠር ኩባንያዎች ብቻቸውን ብድር አያገኙም፤ በአንድ ጥላ ሥር ግን ያገኛሉ። አክሲዮኑም ለተራው ሰው ተሸጠ። መምህሩ፣ ጸሐፊዋ፣ ባለሱቁ፣ የኩባንያው ሠራተኛ ራሱ የኢንሱል ባለአክሲዮን ሆነ። የመብራት ኩባንያ አይከስርም፣ ኢንሱልም አይሳሳትም ተባለ።

በ1920ዎቹ ግን ግንቡ ከፍ እያለ ሄደ። በኩባንያው ላይ ኩባንያ፣ በዚያም ላይ ሌላ ኩባንያ ተደራረበ። ታች ያለው ማመንጫ ያገኘው ትርፍ በየደረጃው ለቦንድ ወለድ ይቆረጣል፤ ላይ ለሚደርሰው የሚተርፈው በጥሩ ዘመን ብዙ፣ በክፉ ዘመን ምንም ነው። ሳይረስ ኢተን የተባለ የክሊቭላንድ ባለሀብት የኢንሱልን ኩባንያዎች አክሲዮን በዝምታ ሲሰበስብ ኢንሱል ደነገጠ። ኩባንያዎቼን ሊነጥቀኝ ነው ብሎ በ1928 መጨረሻ ኢንሱል ዩቲሊቲ ኢንቨስትመንትስ የሚባል ሌላ ኩባንያ ከላይ ጨመረ። በ1930 ደግሞ፣ ገበያው ከወደቀ በኋላ፣ የኢተንን ድርሻ በ56 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ገንዘቡ አብዛኛው ከባንክ የተበደረ ነበር፤ መያዣው ራሱ የኩባንያዎቹ አክሲዮን ነበር።

እዚህ ላይ ነው የሕይወቱ ትልቁ ስህተት። የቆመ ማሽን ወለድ እንደሚቆጥር ለአሜሪካ ያስተማረው ኢንሱል ነው። ደንበኞቹ በአንድ ሰዓት እንዳይመጡበት ሠላሳ ዓመት ሲያሰላ ኖሯል። አበዳሪዎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ቢመጡስ የሚለውን ግን አላሰበበትም። በማመንጫዎቹ ላይ አንድ ሺሕ አንድ መተጣጠፊያ ያበጀ ሰው በዕዳው ላይ አንድም አላበጀም። የአክሲዮን ዋጋ በወረደ ቁጥር ባንኮቹ ተጨማሪ መያዣ ጠየቁ፤ የሚሰጠው መያዣ አለቀ። በሚያዝያ 1932 ሚድል ዌስት ከእጁ ወጥቶ በፍርድ ቤት ለተሾሙ ጠባቂዎች ተላለፈ። በሰኔ ኢንሱል ከሁሉም ሥልጣኑ ለቀቀ።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚያ ሁሉ ጥፋት መካከል የቺካጎ መብራት አልጠፋም። ኮመንዌልዝ ኤዲሰን መሥራቱን ቀጠለ። የፈረሰው ከላይ የተቆለለው ወረቀት ነው። ያንን ወረቀት ገዝተው የጡረታ ስንቃቸውን ያጡት ሰዎች ግን በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ።

ሽሽት፣ ክስና ሞት

ኢንሱል ከባለቤቱ፣ ከቀድሞዋ ተዋናይት ግላዲስ ዋሊስ ጋር ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ክስ ሲመሠረትበት ወደ ግሪክ ተሻገረ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1932 የምርጫ ዘመቻቸው ስሙን የክፉ ንግድ ምሳሌ አድርገው አነሱት። ግሪክ አሳልፌ አልሰጥም ብትልም በኋላ በአሜሪካ ግፊት ከአገሯ አስወጣችው። የ74 ዓመቱ ሽማግሌ በተከራያት መርከብ ባሕር ላይ ሲንከራተት ቆይቶ በ1934 ኢስታንቡል ላይ ተያዘና ወደ ቺካጎ ተመለሰ።

በ1934 እና በ1935 ሦስት ጊዜ ፍርድ ቤት ቀረበ። ሦስቱንም ጊዜ ነፃ ወጣ። በመጀመሪያው ችሎት ከለንደን የተላላኪነት ሥራው ጀምሮ የሕይወቱን ታሪክ ሲተርክ ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች በጥሞና አዳመጡት፤ ራሱም ገንዘቡን በሙሉ በኩባንያዎቹ ውስጥ አጥቷል። ሕግ ግን ከግለሰብ ፍርድ ያለፈ ነገር ሠራ። በ1935 የወጣው የሆልዲንግ ካምፓኒዎች ሕግ የተደራረቡትን ኩባንያዎች እንዲበተኑ አዘዘ። ሕጉ እስከ 2005 ጸንቶ ቆየ።

ኢንሱል በሐምሌ ወር 1938 ፓሪስ ውስጥ በምድር ባቡር ጣቢያ ሳለ ልቡ ቆሞ ሞተ። 78 ዓመቱ ነበር። ኪሱ ውስጥ የተገኘው ጥቂት የፈረንሳይ ሳንቲም ብቻ ነው። የተቀበረው በተወለደባት ለንደን ነው።

የዛሬዎቹ የልጅ ልጆች

ኢንሱል ያጣጣመው የሰውን ፍላጎት ነበር፤ ማሽኑ ባዘዘው ሰዓት ይነሳል፣ የድንጋይ ከሰል እስካለ ድረስ። ዛሬ ማመንጫው ራሱ የማይታዘዝ ሆኗል። ስለዚህ የእሱ ጥበብ ዋጋው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ንግዱ ዛሬ በሦስት ዋና መልኮች ይታያል።

አንደኛው ሰብሳቢ ነው። በ2001 የተመሠረተው የቦስተኑ ኢነርኖክ ሱቆችን፣ ፋብሪካዎችንና ዩኒቨርሲቲዎችን እያስፈረመ፣ በጭንቅ ሰዓት ፍጆታቸውን እንዲቀንሱ አድርጎ፣ ያልተበላውን ኪሎዋት ለመረብ አስተዳዳሪዎች ይሸጥ ነበር። ከክፍያው ገሚሱ ለደንበኛው፣ ገሚሱ ለእሱ ነው። የኢጣሊያው ኢኔል በ2017 ገዛው። ሁለተኛው ባትሪ ነው። በ2017 በደቡብ አውስትራሊያ ሥራ የጀመረው የሆርንስዴል ባትሪ 100 ሜጋዋት አቅም ነበረው። ሲረክስ ገዝቶ ሲወደድ ይሸጣል፤ ከዚህ የበለጠ ያገኘው ግን ዝግጁ ሆኖ በመቆሙና የመረቡ ፍሪኩዌንሲ ሲናወጥ በሰከንድ ውስጥ በማስተካከሉ ነው። ሦስተኛው የሰዓት ታሪፍ ነው። የኢንሱል የራሱ ኩባንያ ኮምኤድ በ2007 ለመኖሪያ ቤቶች በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ዋጋ አስጀመረ። በብሪታኒያ ደግሞ በ2022ና በ2023 መካከል በነበረው ክረምት ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች በተወሰኑ ሰዓታት ፍጆታቸውን ለመቀነስ ተመዝግበው ተሳትፈዋል።

ሦስቱም ንግዶች የኢንሱልን ሁለት ድክመቶች ወርሰዋል። የመጀመሪያው፣ ገቢያቸው በተቆጣጣሪ ብዕር ላይ የተንጠለጠለ ነው። በአሜሪካ ያልተበላ ኪሎዋት እንደ ተመረተ ኪሎዋት ይከፈልበት የሚለው የ2011 ደንብ በፍርድ ቤት ተሽሮ፣ በጥር 2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስኪመልሰው ድረስ ሰብሳቢዎቹ ነገ እንኖራለን ወይ እያሉ ነው የከረሙት። ሁለተኛው፣ ትርፉ የሚመነጨው ከጭንቅ ነው። በረከሰው ሰዓትና በተወደደው ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፤ ባትሪ በበዛ ቁጥር ጭንቁ ይቀንሳል፣ ጭንቁ ሲቀንስ ገቢውም ይቀንሳል። ዛሬ ባለው ልዩነት ላይ ተመሥርቶ የሃያ ዓመት ብድር የሚወስድ ሰው የ1930ውን ኢንሱል ይመስላል።

እኛ አገርም ጥያቄው ሩቅ አይደለም። ምሽት ላይ ስንት ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደሚጣድ የመብራት ኃይል ሰዎች ያውቁታል። ግድቦቻችን ውኃ አጠራቅመው በፈለጉት ሰዓት ስለሚለቁ ለነፋስ ማመንጫዎቻችን ጥሩ ባልንጀራ ናቸው። ይህ ሌላው አገር በባትሪ የሚገዛው ጸጋ ነው። ይሁን እንጂ ትልቅ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ስንት ሜጋዋት ይገዛል ብቻ ሳይሆን በየትኛው ሰዓት፣ ምሽት ላይ ማጥፋት ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልግ ይመስለናል። ኢንሱል ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የሚቀረው ትምህርት የገንዘቡ ነው። ሰዓትን ማሸጋገር ትክክለኛ ንግድ ነው፤ ዋጋ ያወርዳል፣ ማሽን ያድናል፣ ሁሉም ይጠቀማል። ይህን ኢንሱል በተግባር አሳይቷል፤ በፍርድ ቤትም ሆነ በኪሳራ አልተሻረበትም። የጣለው ያንን እውነተኛ ትርፍ መሠረት አድርጎ በላዩ የከመረው ዕዳ ነው። ገንዘቡን የከፈሉትም ከእሱ ይልቅ እሱን አምነው አክሲዮን የገዙት መምህራንና ባለሱቆች ናቸው። ዛሬም አንድ ኩባንያ ኤሌክትሪክን ከቀትር ወደ ማታ አሻግራለሁ ብሎ አክሲዮን ግዙኝ ሲል፣ ስለ ባትሪው ከመጠየቅ በፊት ዕዳው የሚከፈልበትን ቀን መጠየቅ ብልህነት ነው።